ከውኃ የወጣችው ኮከብ

ወይዘሮ ረድኤት የባሕር ኮከቧን የመረጠችው በመልኳ ነው። እውነቱን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል።

በምርጫው ቀን የባሕር አደራ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰው ከንጋት ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ ተሰልፎ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ ቀን አይመርጥም። ውስጥ ሦስት ገንዳዎች አሉ፤ ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ባለተራ ያንኑ ቃል ይደግማል።

«ቡናማዋ ከድንጋይ ሥር ነው የምትውለው። የተረፈ ምግብ ለቃቅማ ትኖራለች፤ ለጀማሪ የምትሆነው እሷ ናት። ነጣ ያለችው አሸዋ ውስጥ ትቀበራለች፤ ሰፊ አሸዋ ካለዎት ይውሰዷት። ቀይዋ ታምራለች፤ ግን አመለኛ ናት። የውኃው ጨው ትንሽ ከተዛባባት ወይ ለአፍታ አየር ላይ ከወጣች አለቀላት። ከዐሥሩ ሰባቱ ዓመት አይደፍኑም።»

ረድኤት ቡናማዋን ለማየት ጎንበስ አለች። ከድንጋዩ ሥር ብቅ ያለ አንድ ቀጭን ክንድ ብቻ ነው የታያት። እንግዳ ሲመጣ ምኗን ልታሳይ ነው? ደግሞ የፎቅ ጎረቤቶቿ ሁሉ ቡናማ ነው የያዙት። «ቀይዋን» አለች። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጻፈ።

ቀይ ባሕር እንደ ገላ መታጠቢያ ከሞቀ ወዲህ በውስጡ የተረፈው ሁሉ ወደ ደጋ ወጥቶ በየቤቱ ተበትኗል። ብርድ በነፃ የሚገኘው እዚህ ነዋ። በደብረ ብርሃን ብቻ ዐሥራ አራት ሺህ ቤት አደራ ይዟል። ዓሣ የያዘ አለ፣ ቀንድ አውጣ የያዘ አለ፣ ኮከብ የያዘ አለ። ድሮ ሰው ሲተዋወቅ «የት ነው የምትሠራው?» ይል እንደነበረው፣ አሁን «ምን ይዘሻል?» ነው የሚባባለው።

ኮከብ ያለበት ቤት ወግ አለው። እጅ እስከ ክርን ይታጠባል፤ በሳሙና ግን አይደለም። ሽቶ የተቀባ ሰው ሳሎን አይገባም። የመዳብ ቀለበትና የነሐስ መስቀል በር ላይ ካለችው ሳህን ይቀራል። ሳሎኑን ገንዳው ስለያዘው፣ ማሞቂያም ስለማይፈቀድ፣ ረድኤትና ልጇ ኤልዳና የሚተኙት ወጥ ቤት ነው። ጠዋት ረድኤት ካፖርቷን ደርባ ሳሎን ትገባለች፣ ኮከቧን ታያለች፣ ክንዶቿን ትቆጥራለች፣ «አምስት» ብላ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች። እንዲህ እያለች ቀይዋን ሁለት ዓመት ከአራት ወር አኖረቻት። በሚኖሩበት በአምስተኛው ሕንፃ ስሟ ሁሉ «ባለ ቀይዋ» ሆነ። ደስ ይላት ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት።

የሕንፃውን ውኃ የሚበጠብጡት ጋሼ አቤኔዘር ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር። ማክሰኞና ዓርብ ምድር ቤት ወርደው በርሜል ውስጥ ጨውና ውኃ ያዋህዳሉ፣ አንዲት ጠብታ በጨው መለኪያቸው መስተዋት ላይ ያደርጋሉ፣ ወደ ብርሃን ዞረው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። «ሠላሳ አምስት!» ይላሉ ጮክ ብለው፤ ትክክለኛው የጨው ልክ ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ጀሪካኑን ያቀርባል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ሠላሳ አምስት» ብለው ያልሆነበት ቀን የለም። ልጆች እንኳ ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን እውነትህን ነው ለማለት «ሠላሳ አምስት?» ይለዋል።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች።

ኤልዳናን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ከሸዋ ሮቢት ወጡ። የረድኤት ባል ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ወንድሟም ሩቅ አገር ነው፤ ስለዚህ የተቀበለቻቸው ራሷ ናት። «ቁጭ በሉ እንጂ አባቶቼ!» ብትል፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። የልጁ ታላቅ አጎት አቶ ይገረም ሰማንያ የሚጠጉ፣ መቋሚያ የያዙ፣ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ ሰው ናቸው። ልጁን አመሰገኑ፣ ዘሩን ቆጠሩ፣ የመጡበትን ተናገሩ። ረድኤትም ደንቡ እንደሚያዘው «ዘመድ ልጠይቅበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለች። ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ እየሄደ ነበር። ኤልዳና ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።

ሽማግሌው ግን ከመቀመጣቸው በፊት ወደ ገንዳው ጠጋ አሉ።

«እኛ አገር ሙቀት ነው፤ ይኼን ስሙን እንጂ መልኩን አላየሁም» አሉ። «ዓይኔም ደክሟል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ጉም ሆኖ ነው የሚታየኝ። እስቲ ልጄ፣ አውጪልኝና በእጄ ልያዛት።»

ረድኤት አፏን ከፈተች። «አይቻልም» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ነበረች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ለጎረቤት፣ ለልጅ፣ ለገዛ ወንድሟ ሳይቀር «አይነካም!» ስትል ኖራለች። ግን ሽማግሌ ለልጇ ቆሞ ሲለምን፣ እጁን ዘርግቶ፣ እንዴት ብላ?

«ምን ገዶኝ አባቴ!» አለች።

እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ኮከቧን ከመስተዋቱ ላይ በዝግታ አላቀቀቻት። ቶሎ ይመልሷታል ብላ ነበር። አቶ ይገረም ግን በሁለት መዳፋቸው ተቀብለው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ወይ የፈጣሪ ሥራ! ወይ ጥበብ!» እያሉ አገላበጧት። ለሁለተኛው ሰጡ፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው። ተመልሳ እሳቸው እጅ ስትገባ ደግሞ መመረቅ ጀመሩ።

«ይቺን በባሕር ውስጥ ያስጌጠ አምላክ ልጆቻችንን ያስጊጥልን!»

«አሜን» አለች ረድኤት።

«ትዳራቸውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልን!»

«አሜን።»

ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ሽማግሌ አፉን ለምርቃት ከፍቶ ሳለ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሷን ውኃ ውስጥ» የሚል ማን አለ? ለዘር መረቁ፣ ለእህል መረቁ፣ ለዝናብ መረቁ፣ ለሟች ባሏ ነፍስ መረቁ። ከመዳፋቸው ውኃው ጠብ፣ ጠብ እያለ አለቀ። የኮከቧ የክንድ ጫፎች ወደ ላይ ሲቆለመሙ ረድኤት እያየች አሜን ትላለች። ዐሥራ አንድ ጊዜ አሜን አለች። በመጨረሻ ሲመልሱላት ኮከቧ ደርቃ እንደ ቂጣ ገግራ ነበር።

እሑድ ኮከቧ አልተንቀሳቀሰችም። ሰኞ ጠዋት በአንዷ ክንድ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። ማክሰኞ ረድኤት እንደ ወትሮው ከጋሼ አቤኔዘር በርሜል ቀድታ ውኃ ቀየረች። ረቡዕ ነጩ ተስፋፋ፤ ሐሙስ አንድ ክንድ ወደቀ። ዓርብ ጠዋት ካፖርቷን ደርባ ገብታ ስትቆጥር የሚቆጠር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ያፌት ዓርብ ከሰዓት መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለ፣ ቅጹን አወጣ። ጥያቄዎቹ ለሁሉም ቤት አንድ ናቸው።

«ከውኃ ወጥታ ታውቃለች?»

«ኧረ በስመ አብ! በጭራሽ!» አለች ረድኤት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ምልክቱ መቼ ታየዎት?»

«ረቡዕ።»

ይቺ ሁለተኛዋ ውሸት ናት። የባለቤቱ ጥፋት ከሆነ የቤቱ ስም ምድር ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ «አደራ ያጎደሉ» በሚለው ሥር ይለጠፋል፤ ዓመት ሙሉ አይነሳም። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ በሰሌዳው ሥር ነው የሚያልፉት። አደራ በላ ከተባለ ቤት ማን ልጅ ይወስዳል? ይኼ ሁሉ በአንዴ ጭንቅላቷ ውስጥ ዞረ።

«ታዲያ በዚህ ሳምንት ምን የተለየ ነገር ነበር?» አለ ያፌት፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

«እኔ እንጃ... የማክሰኞው ውኃ እንደሁ...» አለች ረድኤት። «ማንንም መክሰሴ አይደለም። ብቻ እንጃ።»

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ያፌት ጻፈ።

ጋሼ አቤኔዘር ተጠሩ። ሌሎቹ ኮከቦች ደህና ናቸው ቢባል፣ «ቡናማ ብዙ ይችላል፤ ቀድማ የምትናገረው ቀይዋ ናት» አለ ያፌት፤ አልተሳሳተም። የማክሰኞው በርሜል ታጥቧል፤ የሚለካ ነገር አልተረፈም። ሁሉም ሰው ወደ እሳቸው አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ «ልክ ነበር!» ብሎ ይምል ነበር። እሳቸው ግን ነገርን መርምሮ መናገር የለመዱ ሰው ናቸው።

«ሠላሳ አምስት ነበር» አሉ። ቆም አሉ። «ይመስለኛል። መነጽሬን... የዚያን ቀን መነጽሬን አድርጌ ነበር?» ብለው ወደ ሚስታቸው ወደ እትዬ ሰብለ ዞሩ። እትዬ ሰብለ አላስታወሱም።

ውኃ መበጥበጡ ለሦስተኛው ሕንፃ ሰው ተሰጠ። የረድኤት ስም ሰሌዳ ላይ አልወጣም። ሌላ ቀይ ኮከብ ተተካላት። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ በሉ፣ የሠርጉም ቀን ተቆረጠ። አቶ ይገረም ገንዳውን ከሩቅ አይተው «ያቺው ናት አይደል?» ሲሉ፣ «ያቺው ናት» አለች። በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር፤ መሬት ግን አልተከፈተችም።

ከዚያ ወዲህ ረድኤት ደረጃ መውጣት ፈራች። ጋሼ አቤኔዘርን ታገኛቸዋለች። ድሮ ከላይ ሆነው «ባለ ቀይዋ! እንዴት አደረች?» እያሉ የሚቀልዱባት ሰው፣ አሁን ግድግዳውን ተጠግተው፣ አንገታቸውን ሰብረው ያልፋሉ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት አንድ ቀን፣ እጇን ይዘው። ይቅር በይኝ! እሷን! ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ፊቷ ይፋጃል።

እትዬ ሰብለን ደግሞ በሌላ ቀን ገበያ አገኘቻቸው። «ምን ልበልሽ» አሉ፣ «ሰውየው አለቀብኝ። የራሱን ኮከብ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የያዛትን፣ ወስዶ መለሰ። እጄን አላምነውም ይላል። ምድጃውን የማጠፋው እኔ ነኝ፣ መድኃኒቱን በቦርሳዬ ይዤ የምዞር እኔ ነኝ። ልጃችን ዮናታን፣ አባቴ መርሳት ጀምሯል፣ አዳማ ወስጄ እኔ ጋ አኖረዋለሁ ብሏል። በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣል። አዳማ! በዚያ ሙቀት!»

ረድኤት የያዘችውን ቃሪያ ሳትከፍል ልትሄድ ነበር።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። በእሑዱ የእድር ስብሰባ ብድግ አለች።

«ጥፋቱ የጋሼ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው። ኮከቧን ከውኃ ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«ለምን ብለሽ?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

እውነቱ እዚያው ነበረ። ግን እውነቱ የአቶ ይገረምን ስም ይዞ ነው የሚወጣው። አማቾቿን፣ የልጇን የነገ ቤት፣ በእድር ፊት እንዴት ታውጣ? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እየመረቀ ገደላት ትበል?

«ለ... ለማጽዳት» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እጇን እስከ ክርኗ የምትታጠበው ረድኤት? ልጅ ወደ ገንዳው ሲጠጋ እንደ ነብር የምትቆጣው? ከኋላ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። «ለጋሼ ብላ ነው እኮ!» አለች። «ስሟን ልትሰጥላቸው! እንዲህም ያለ ሰው አለ?» ዳኛው ቆመው አጨበጨቡ፤ አዳራሹ ተከተለ። ጋሼ አቤኔዘር ከተቀመጡበት ተነስተው መጡ፣ ትከሻዋን ሳሟት። «እግዜር ይስጥሽ» አሏት በጆሮዋ። «ግን ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። ጥፋቴን ልቻለው።»

ረድኤት ከዚያ አዳራሽ የወጣችው ስትገባ ከነበረችው ይልቅ የተከበረች ሆና ነው። በሕይወቷ እንደዚያን ዕለት ራሷን ተጸይፋ አታውቅም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ የጋሼ አቤኔዘርን በር አንኳኳች። ብቻቸውን ነበሩ። ሳሎናቸው ይሞቃል፤ ገንዳው ባዶ ነው፤ ጥግ ላይ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። በጠረጴዛው ላይ መለኪያው፣ ጨውና ብርጭቆ አለ። ሲያዩዋት እንደ ሌባ ደነገጡ።

«ብቻ ልሞክር ብዬ ነው» አሉ። «ነይ እስቲ፣ አንቺ እዪልኝ። እኔ ሠላሳ አምስት ብዬዋለሁ። ግን አንቺ እዪው።»

መለኪያውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞራ አየች። ሠላሳ አምስት ነበር፤ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። «ሠላሳ አምስት ነው ጋሼ» ልትል አፏን ስትከፍት ልቅሶ ቀደማት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቆማ ነው የነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹን፣ አቶ ይገረምን፣ «ምን ገዶኝ» ማለቷን፣ ምርቃቱን፣ አሜኑን፣ ያፌትን፣ «የማክሰኞው ውኃ እንደሁ» ያለችውን። በእድሩ ፊት ስም ለማውጣት አፍራ ግማሹን መዋጧንም ነገረቻቸው።

ጋሼ አቤኔዘር አላቋረጧትም። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ነጩ ነጥብ የታየሽ መቼ ነው?»

«ሰኞ ጠዋት።»

«ሰኞ» አሉ። ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ውኃዬን የወሰድሽው ማክሰኞ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ከውኃዬ በፊት።»

«ከውኃዎ በፊት።»

እሷ ስድብ ጠበቀች፤ በጥፊ ቢመቷትም ደስ ይላት ነበር። «ሃያ ስድስት ቀን» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ ስድስት ቀን የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ ሁለቴ ሳላይ ከቤት አልወጣሁም። ሚስቴን ስሟን ስጠራ፣ ልክ ነኝ ወይ እያልኩ ነው። ታውቂያለሽ? የሞተ ነገር ያሳዝናል። ግን እኔ በቁሜ ነበርኮ የታዘነልኝ።»

ረድኤት ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «ይማሩኝ ጋሼ። ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩኝ።»

«ተነሺ» አሉ። ድምፃቸው የመምህር ድምፅ ሆኖ ነበር። «ይቅርታውን ኋላ እናየዋለን። አሁን ቁጭ በይ። ሰብለ ከገበያ እስክትመለስ ትጠብቂያለሽ።»

ጠበቀች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተፋጠው ተቀመጡ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ሰብለ ዘንቢላቸውን ሳያስቀምጡ፣ እንግዳዋንም ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገብተው ምድጃውን ነካኩ። መጥፋቱን ሲያረጋግጡ ተመለሱ። ረድኤት ያን ስታይ አንገቷን ደፋች፤ አሁን ነው ምን እንዳደረገች በዓይኗ ያየችው።

«ንገሪያት» አሉ ጋሼ አቤኔዘር።

ነገረቻቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ እንባ እንኳ አልመጣላትም። እትዬ ሰብለ ሲሰሙ ረድኤትን አልተመለከቱም፤ ባላቸውን ነው የሚያዩት። ንግግሩ ሲያልቅ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አወጡ፣ በባላቸው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ።

ጋሼ አቤኔዘር በነፃ እጃቸው ስልኩን አንስተው ደወሉ። ከማዶ የልጃቸው የዮናታን ድምፅ ተሰማ፤ ለሕመምተኛ እንደሚናገሩት ቀስ ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? አጠገብህ ሰው አለ? እማዬ የት ናት?»

«ምንም አልሆንኩም» አሉ። «አንዲት ሴት የምትነግርህ አላት።»

ስልኩን ለረድኤት ዘረጉላት።

«ከሽማግሌዎቹ ጀምሪ» አሏት። «ስማቸውንም ጥሪ።»

ረድኤት ስልኩን ተቀበለች። ማዶ ያለው ሰው ትንፋሽ ይሰማታል።

«ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ መጥተው ነበር» አለች። «የትልቁ ስም አቶ ይገረም ነው።»